የሰፈሩ ትንፋሽ

(ቅዳሜ ረፋድ፣ ጠባብ የወንዶች ጸጉር ቤት ውስጥ፤ የንስር ክለብ ደጋፊዎች አስጨፋሪ ጓንጉል ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ የክለቡ ትጥቅ ያዥ ልጅ አዝመራ በጭንቅላቱ ቀኝ በኩል የንስር ክንፍ ቀርጻ ግራውን ሳትጀምር ቶንዶሱን አጥፍታለች።)

ጓንጉል፦ ምነው አጠፋሽው? መብራት ሄደ እንዴ?

አዝመራ፦ መብራት አለ። ያለቀው የኔ ትዕግሥት ነው።

ጓንጉል፦ ኧረ ግራው ቀርቷል አዙ! ባንድ ክንፍ ልታወጪኝ ነው? ደጋፊው አደባባዩ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ ከበሮው መኪና ላይ ተጭኗል፣ ስድስት ሰዓት ላይ አጣሪ ኮሚቴው ደጅ ካልደረስን ምን ዋጋ አለው?

አዝመራ፦ ደርሰው ምን ሊሉ ነው?

ጓንጉል፦ ምን እላለሁ? "ዋንጫችንን አትንኩ!" ነዋ። ጸጉሬ እስኪሸብት የጠበቅኩትን ዋንጫ፣ ኳሱ ለስልሶ ነበር ብለው ሊነጥቁኝ! ኳስ ለሰለሰ! እስቲ በናትሽ፣ ይሄ ክስ ነው? ሰው ገደለ አላሉ፣ ዳኛ ገዛ አላሉ። ኳስ ለሰለሰ!

አዝመራ፦ ለስልሶ ነበር ወይስ አልለሰለሰም?

ጓንጉል፦ ቢለሰልስስ? ኳሱ ለሁለቱም አንድ አይደለም? እኛ በለስላሳ፣ ተጋጣሚዎቻችን መብረቆች በጠንካራ ተጫወትን? ለኛ ሊጥ ከሆነ ለነሱም ሊጥ ነው።

አዝመራ፦ እኛ ኳስ መሬት ለመሬት እያንሸራሸርን የምንጫወት ነን። እነሱ ከሩቅ ጠልዘው የሚያገቡ ናቸው። ለማን እንደሚመች አጥተውት ነው?

ጓንጉል፦ እህ! አንቺ ደግሞ የኮሚቴው ጠበቃ ሆንሽልኝ?

አዝመራ፦ ሪጎሬያቸውስ? አጥቂያቸው ባለ በሌለ ኃይሉ መቷት፣ ኳሷ እየተንፏቀቀች ሄዳ በረኛችን እጅ ላይ ተኛች። ስታዲየሙ በሙሉ ሳቀ። አንድ ያልሳቀ ሰው እርስዎ ነበሩ።

ጓንጉል፦ እኔ ከበሮዬ ላይ ነበርኩ።

አዝመራ፦ ከበሮውንም አቁመው ነበር።

ጓንጉል፦ ጨዋታ ነው ወይስ እኔን ነው ስታዪ የዋልሽው? ብርድ ነው ያልኩሽ፣ ብርድ! በረዶ ሲጥል አላየሽም? አየር ሲበርደው ይኮማተራል። አስተማሪው ተከስተ በሬዲዮ ቀርቦ አንድ በአንድ አስረዳ እኮ። እነዚህ የኮሚቴ ሰዎች ሬዲዮ የላቸውም?

አዝመራ፦ በረዶው የጣለው ከእረፍት በኋላ ነው። ሪጎሬው የተመታው ከእረፍት በፊት፣ ጸሐይ አናታችንን እየበሳችው ነው።

ጓንጉል፦ ...ታዲያ ከፋብሪካው የመጣ ጉድለት ነው። የዘንድሮ ዕቃ መቼ ይታመናል።

አዝመራ፦ ጠዋት ዳኛው ኳሶቹን በመለኪያ ለካቸው፤ ልክ ነበሩ። ትጥቅ ክፍሉ ውስጥ ተቆለፈባቸው። ሲወጡ ለስልሰዋል። ኮሚቴው የሚለው ይሄንን ብቻ ነው። ቁልፉ ማን ጋ ነበር ይላል? ትጥቅ ያዡ ጋ። ትጥቅ ያዡ ማነው? አባቴ። ምርመራው እዚህ ላይ አለቀ። የሚቀረው ከእግር ኳስ እስከመጨረሻው ማገድ ነው።

ጓንጉል፦ እሱን ነው እኮ እኔም የምለው! አባትሽ ደምመላሽ ምን ሆኖ ነው ዝም የሚለው? አፍ የለውም? "አልነካሁም" ማለት ምን ያቅተዋል? ሰው ዝም ሲል እኮ ሌላው የፈለገውን ያወራል።

አዝመራ፦ ያወራል ብቻ? ይዘፍናል እንጂ።

ጓንጉል፦ ምን ማለትሽ ነው?

አዝመራ፦ ትናንት ከሥራ ስመለስ መንደሩ በራችን ላይ ተሰብስቧል። "ትጥቅ ያዡ ብለን፣ ጉድ ይዘን ኖረን!" እያለ ይዘላል። አባቴን። ማልያቸውን በእጁ ሲያጥብ የኖረውን ሰውዬ። ለመብረቅ ተሸጦ ነው ኳሱን ያስተነፈሰው፣ ዋንጫ ሊያስነጥቀን ነው ይላሉ። እኔ በመሃላቸው አልፌ ነው ቤቴ የገባሁት።

ጓንጉል፦ ግጥሙን እኔ አላወጣሁትም። እነዚያ የታችኛው ሰፈር ልጆች ናቸው። እግዜር ያውቃል፣ ከኔ አፍ አልወጣም።

አዝመራ፦ ከበሮውን ማን መታው?

ጓንጉል፦ አዙ...

አዝመራ፦ ከበሮውን ማን መታው ነው ያልኩዎት!

ጓንጉል፦ ሰው ተሰብስቦ ሲጨፍር እኔ ቆሜ ልይ? አስጨፋሪ ነኝ። ባልመታ "ጓንጉል ምን ነካው?" ይሉኛል። ይጠረጥራሉ።

አዝመራ፦ ምንድነው የሚጠረጥሩት?

ጓንጉል፦ እ... ደጋፊነቴን ነዋ።

አዝመራ፦ አባቴ መስኮቱን ገርበብ አድርጎ ይሰማ ነበር። ዝጋው ብዬ ስጮህበት ምን አለኝ መሰለህ? "ተይ፣ ጓንጉል ነው የሚመታው፣ ምቱን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ እጁ ከብዶታል" አለኝ። ሰማህ? እየሰደብከው ለእጅህ ያዝንልሃል!

ጓንጉል፦ አንተ ትይኝ ጀመር? እኔን? በጀርባዬ አዝዬ ስታዲየም ያስገባሁሽን?

አዝመራ፦ አዎ አንተ! እርስዎ የምለው ጋሼ ጓንጉል ትናንት በራችን ላይ አልነበረም። አንድ ከበሮ የያዘ ሰው ነበር፣ እሱን ነው የማናግረው።

ጓንጉል፦ በቃ! ፎጣውን ፍቺልኝ። ሌላ ጸጉር ቤት የጠፋ መሰለሽ?

አዝመራ፦ ሂድ። በግማሽ ጭንቅላት አደባባዩን አቋርጠህ ሂድ። ወይም ተቀመጥና አንዲት ነገር መልስልኝ። እዚያ መስታወቱ አጠገብ ምስማሩ ላይ የተሰቀለው ምንድነው?

ጓንጉል፦ መንፊያ ነው። የኳስ መንፊያ። አታውቂውም?

አዝመራ፦ አውቀዋለሁ። እዚህ ቤት ምን ይሠራል?

ጓንጉል፦ ምን ልትይ ፈልገሽ ነው?

አዝመራ፦ ገና ጸጉር መጥረግ ከጀመርኩ ጀምሮ ያየሁትን ልበልህ? ጨዋታ ባለ ቁጥር አባቴ በጠዋት የኳሱን ከረጢት ተሸክሞ እዚህ ይመጣል። አንተ ከቁልፍህ ጋር የምታንጠለጥላትን መርፌ በምራቅህ አርጥበህ ትሰካለህ፤ ከያንዳንዱ ኳስ ትንሽ አየር ታወጣለህ፤ በመርፌዋ "የሰፈሩ ትንፋሽ ይግባበት" ብለህ እፍ ትላለህ። ከዚያ አባቴ ያንን መንፊያ አውርዶ የጎደለውን ይሞላል፣ መንፊያው ወደ ምስማሩ ይመለሳል፣ ኳሶቹ ወደ ዳኛው ይሄዳሉ። ተሳሳትኩ?

ጓንጉል፦ አልተሳሳትሽም። ይሄ ደግሞ የምን ወንጀል ነው? ክለቡ አንዲት ኳስ ብቻ ያለችው ጊዜ፣ መንፊያ ጠፍቶ፣ በእስክሪብቶ ቀፎ በአፌ ነፍቼ ነው ያሸነፍነው! ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ባህል የሆነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

አዝመራ፦ ሰፈሩ ያውቃል። ኮሚቴው አያውቅም። ዘንድሮ አዲስ ደንብ መጣ፣ የዋንጫው ጨዋታ ኳሶች ከዋዜማው ጀምሮ ስታዲየም ይደሩ ተባለ። ያን እሁድ አባቴ እዚህ አልመጣም። እኔ በር ከፍቼ ስጠብቃችሁ ረፈደ። መንፊያው እዚያው ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ዋለ። መርፌዋ ግን ኪስህ ውስጥ ነበረች።

ጓንጉል፦ ድምፅሽን ቀንሺ።

አዝመራ፦ አልቀንስም!

ጓንጉል፦ ቀንሺ ብዬሻለሁ፣ ሰው ያልፋል! ...ምን ላድርግ ታዲያ? ምን ላድርግ? የዋንጫ ጨዋታ ነው፣ ትንፋሽ ሳይገባበት! በሕይወቴ አንድ ቀን አስታጉዬ አላውቅም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባትሽን ለመንኩት። "አንድ ጊዜ እፍ ብዬ ልውጣ" አልኩት። አይሆንም አለኝ፤ ተለክቷል፣ ተቆልፏል አለኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ቁልፉን ሰጠኝ። እሱ ማልያ ሊያከፋፍል ወጣ። እኔ ገባሁ።

አዝመራ፦ እና?

ጓንጉል፦ እናማ እንደ ሁልጊዜው አወጣሁ። ስስስ አለ። እፍ አልኩ፤ አይገባም። አፌ አቅም አጣ፣ አርጅቻለሁ መሰለኝ። እፍ ባልኩ ቁጥር ይብስ ይወጣል። መንፊያውን ፈለግኩ፣ የለም። ያኔ ነው የት እንደሆንኩ ትዝ ያለኝ። ጫን ጫን ብዬ ሳያቸው ያን ያህልም አልመሰለኝም። ዘግቼ ወጣሁ።

አዝመራ፦ ለአባቴስ ነገርከው?

ጓንጉል፦ ሪጎሬው ሲመታ ከሜዳው ማዶ ሆኖ አየኝ። መንገር አላስፈለገም።

አዝመራ፦ እና እስከዛሬ ዝም!

ጓንጉል፦ አጭበርብሬ እኮ አይደለም አዝመራ! በልጆቼ እምላለሁ፣ መብረቅን ልጎዳ ብዬ አይደለም!

አዝመራ፦ እኔ መቼ አጭበረበርክ አልኩህ? የትንፋሹን ነገር ይቅር ብዬሃለሁ። ከበሮውን ነው ይቅር የማልልህ። ኳሱ ላይ ያደረግከው ስህተት ነው፤ በራችን ላይ ያደረግከውን ግን እያወቅክ ነው ያደረግከው!

ጓንጉል፦ ብናገር ምን እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? ዋንጫው ይሄዳል። ጓንጉል ነው ያስነጠቀን ይሉኛል። ስታዲየም ደጅ አልደርስም። እኔ ሌላ ምን አለኝ? ሚስቴ ሞታለች፣ ልጆቼ በየፊናቸው ናቸው። እሁድ እሁድ እንኳ ሰው መሆኔ ይቅር?

አዝመራ፦ አባቴ ዛሬ ጠዋት ሱፉን አስተኮሰኝ። ለሠርግ ካልሆነ አይለብሰውም። "የት ነው?" ስለው "ኮሚቴው ጋ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፤ እኔ ነኝ ልላቸው ነው" አለኝ።

ጓንጉል፦ ምን?

አዝመራ፦ "እኔ ነኝ ያስተነፈስኩት" ሊል። ኳሱን የነካው ማን እንደሆነ ስጠይቀው ስም አልጠራም። "ከስታዲየም በር ውጭ ኑሮ የሌለው ሰው አለ፤ እኔ ሸሚዝ የትም አጥባለሁ" ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ ክራቫት አስሪልኝ አለኝ። አሰርኩለት።

ጓንጉል፦ ደምመላሽ እንደዚያ አለ?

አዝመራ፦ አለ። እርስዎ ደግሞ ደጁ ላይ ቆመው ሊጨፍሩበት ነው። በሉ፣ ጭንቅላትዎን ቀና ያድርጉ፣ ግራውን ልጨርስልዎት። አምሮብዎት ይሂዱ። ሲወጣ ዜማውን ይምቱለት፤ እጅዎ እንዳይከብድዎት ብቻ። ከዛሬ ወዲያ ግን እዚህ ወንበር ላይ እንዳላይዎት።

ጓንጉል፦ እንደገና እርስዎ አልሽኝ?

አዝመራ፦ ለማላውቀው ሰው ነው እርስዎ የምለው።

ጓንጉል፦ ...ሰዓቱ ስንት ነው?

አዝመራ፦ ለስድስት ጥቂት ነው የቀረው። አይንቀሳቀሱ፣ ቶንዶሱን ከፍቼዋለሁ።

ጓንጉል፦ አጥፊው።

አዝመራ፦ ግራው ቀርቷል እኮ።

ጓንጉል፦ ይቅር! አጥፊው አልኩሽ። ፎጣውን ፍቺልኝ። ለእነዚያ ልጆች ደውለሽ ከበሮውን ከመኪናው ያውርዱት በያቸው። ለምን ካሉሽ ጓንጉል ነው ያለው በይ።

አዝመራ፦ ጋሼ፣ እንዲህ ሆነው ሊወጡ? ኮፍያዎን እንኳ ያድርጉ፣ ሰው ይስቅብዎታል።

ጓንጉል፦ ይሳቅ። አባትሽ ላይ ከሚሳቅ እኔ ላይ ይሳቅ። ደግሞ ኮሚቴው ራሱ መሳቁ መች ይቀራል? "ትንፋሼን ላስገባ ገብቼ አየሩን አስወጣሁት" ብላቸው ማን ያምነኛል? ጓደኛውን ሊያድን የመጣ ውሸታም ነው የሚሉኝ። ስለዚህ በመርፌዬ እንዴት እንደምናደርገው እፊታቸው ላሳያቸው ነው። ዝም ብለሽ አትይኝ፣ እኔ ወንበሩ ላይ ወጥቼ የምወድቅ ሰው ነኝ፣ አንቺ ትደርሺበታለሽ፤ ያንን መንፊያ ከምስማሩ አውርጂና ስጪኝ።