ከጥምጥሙ ሥር

አውቶቡስ የሚበላሸው ሰው ሲቸኩል ነው። የኔታ ወልደ ጊዮርጊስ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ቸኩለው አያውቁምና፣ ከአርብ ገበያ ወደ ወገዳ የሚሄደው አሮጌ አውቶቡስ ገና መንገዱን ሳያጋምስ ሆዱ ውስጥ አንዳች ነገር ተንኳኳና ቆመ። ሾፌሩ ከሥሩ ገባ። ረዳቱም «ሌላ መኪና እንዲመጣ ደውለናል፣ ሁለት ሰዓት ያህል ታገሡ» ብሎ ሲጋራውን ለኮሰ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወርዶ ከመንገዱ ዳር ባለው የባሕር ዛፍ ጥላ ተጠለለ።

የኔታ ከሰው ራቅ ብለው አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነጩ ጥምጥማቸው እንደ ወትሮው አንድም ሳይዛነፍ ጆሯቸው ድረስ ወርዷል። በእጃቸው አንዲት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል። ጠርሙሷ በጨርቅ ተጠቅልላለች፣ በጨርቁም ላይ ሌላ ጨርቅ አለ። ውስጧ ያለው ከእሬት ጋር የተደባለቀ የቁልቋል ወተት ነው።

የኔታ በጋይንት አንድ ደብር አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ከቅኔው ጎን ደግሞ ከመምህራቸው በወረሱት ብራና ላይ ያለውን የዕፅ መድኃኒት ያውቃሉ። ዛሬ የሚቸኩሉት ወገዳ ላለው ለእህታቸው ልጅ ለይበልጣል ነው። ይበልጣል ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጥሩ አናጢ፣ ለእናቱም አንድ ነው። በጥር ወር ከጥምቀት በኋላ የትናየት የምትባለውን የእስቴ ልጅ ሊያገባ ቀን ተቆርጦለታል። በእነሱ ወገን ልማድ ደግሞ በሠርጉ ማለዳ ሙሽራውን በዘመድ ሁሉ ፊት ራሱን ገልጦ ቅቤ የሚቀባው የእናቱ ወንድም ነው።

የልጁ ጠጉር ካለፈው ዓመት ጀምሮ መሳሳት ያዘ። ጓደኞቹ በደቦ ላይ «ሙሽራው ቅቤውን ምኑ ላይ ሊይዘው ነው?» እያሉ ሳቁበት። በጥቅምት ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ አጎቱ ዘንድ መጣ። የኔታም አይተው ላሽ ነው አሉ፣ ይህንኑ ወተት ቀቡት፣ «መድኃኒት ካላቃጠለ አይሠራም፣ ቻለው» ብለው ሸኙት። ትናንት እህታቸው ፍቅርተ ደውላ፣ ልጁ ራሱ አብጦ መግል እንደያዘ፣ ከቤት መውጣት እንደ ተወ፣ እህልም እንደ ዘጋ ነገረቻቸው። «የጀመሩትን ይጨርሱለት እንጂ ምን ይሁን? ሁለተኛውን ይዘው ይምጡ» አለች እያለቀሰች።

«የኔታ፣ ይባርኩኝ» የሚል ድምፅ ቀና አደረጋቸው።

ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት፣ በአውቶቡሱ ውስጥ ከኋላቸው ተቀምጣ ነበር። ቅድስት ትባላለች። እስቴ ተወልዳ መካነ ኢየሱስ ተምራ፣ አሁን ከተማ ውስጥ የቆዳ ሕሙማንን የምታክም የጤና መኮንን ናት። ወገዳ ያለች አክስቷን ልትጠይቅ እየሄደች ነው።

«እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ልጄ።»

«ጠርሙሱ የሚያፈስ ይመስለኛል። ልያዝልዎት?»

«ተይው፣ እንዳይነካሽ። እጅ ይልጣል።»

ቅድስት ዘርግታው የነበረውን እጅ ሰበሰበች። «ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው። ለእህቴ ልጅ ራስ።»

እሷም ጎናቸው ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና የኔታ፣ እጅ የሚልጥ ነገር ራስን ምን ያደርገዋል?»

የኔታ ፈገግ አሉ። አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ጥያቄ አይፈራም። «ላሽ ይዞታል፣ ልጄ። ላሽ ጠጉሩን ከሥሩ ይበላል። መድኃኒቱም ከሥሩ ገብቶ ያቃጥለዋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለም?»

«ከየት ጀመረው?»

«ከግንባሩ ግራና ቀኝ። ኋላም መካከል አናቱ ላይ።»

«ያሳክከዋል? ይቀረፍበታል? ወይስ እንደ ሳንቲም እየከበበ ነው የረገፈለት?»

«አያሳክከውም፣ አይቀረፍበትም። ዝም ብሎ ነው የሚሳሳው።»

«እንግዲያው ላሽ አይደለም የኔታ። ላሽ ያሳክካል፣ ይቀረፋል። እሱንም ቢሆን ለሳምንታት የሚዋጥ ኪኒን ያድነዋል እንጂ ማቃጠል አያድነውም። እንደ ሳንቲም የሚከበው ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዳንዱ በራሱ ጊዜ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ራሱ ላይ መርፌ ይወጋለታል። የእህትዎ ልጅ ግን እርስዎ እንደ ነገሩኝ ከሆነ ራሰ በራነት ነው። በዘር የሚመጣ። በአባቱ ወገን በራ አለ?»

«የለም» አሉ የኔታ። እውነታቸውን ነው፣ የልጁ አባት ሲቀበር እንኳ ጎፈሬው እንዳለ ነበር።

«በእናቱ ወገንስ?»

የኔታ ግራ እጃቸው ሳያዙት ተነሥቶ የጥምጥማቸውን ጠርዝ ወደ ጆሯቸው ሳብ አደረገው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ የተማረ ሰው ደግሞ ብራናውን አይለቅም። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠርገው ክርክሩን በሌላ በር አመጡት። «ይሁን። እናንተስ ምን አላችሁ? ያው ቅባት አይደል?»

«አንዱ ቅባት ነው፣ ሚኖክሲዲል ይባላል። ራስ ላይ በየቀኑ ይቀባል። ቶሎ አይሠራም፣ አራት አምስት ወር መታገሥ ያስፈልጋል። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ጠጉሩ ይብስ ሊረግፍ ይችላል፤ ብዙው ሰው ያን ጊዜ ደንግጦ ይተወዋል። የቀረውን ጠጉር ያጠነክራል፣ የሳሳውን ለአንዳንዱ ይመልሳል። ከተዉት ግን ያተረፈው ሁሉ ተመልሶ ይረግፋል።»

«ዕድሜ ልክ የሚቀቡት ምኑ መድኃኒት ነው?»

«ማሳም በየዓመቱ ይታረማል የኔታ። ዘንድሮ ያረመ ሰው ለከርሞ አልቋል ብሎ አይተኛም።»

ይህን አልጠበቁም ነበር። «ሌላስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ፊናስተራይድ የሚባል የሚዋጥ ኪኒን አለ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ። መርገፉን ለብዙዎች ያቆማል። አንዳንዱን ወንድ ግን ከሚስቱ ጋር የሚያስተኛውን ፍላጎት ይቀንስበታል፣ ይህን ሳይነግሩ መስጠት ኃጢአት ነው። ከዚያ ደግሞ በትልልቅ ከተሞች ከኋላ ያለውን ጠጉር ነቅለው ወደ ፊት የሚተክሉ አሉ፣ ዋጋው ግን በሬ ሸጦም አይደረስበትም። አራተኛው መድኃኒት በነጻ ነው፤ መላጨትና ራሰ በራ ነኝ ብሎ መኖር። ሰው አይሞትበትም።»

«ወንድ ልጅ ስለ ጠጉሩ ሐኪም ቤት ተሰልፎ ሲታይ አያሳፍርም?»

«እርስዎ ዘንድ ባርኔጣ ደፍቶ የመጣው ሳያፍር ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ግን በየቀኑ የማየው ተደብቆ የሚያገኘውን መድኃኒት ነው። ነጭ ሽንኩርት የላጠው፣ የባትሪ ውሃ ያቃጠለው፣ ከገበያ በገዛው ቅባት ፊቱ ያበጠ። ሁሉም የሚመጡት ሥሩ ከሞተ በኋላ ነው።»

የኔታ ጠርሙሱን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፣ ወተቱ ጣታቸውን እንዳይነካም ጨርቁን ደግመው ጠቀለሉት። ቅድስት ያን ጨርቅ አየች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝም?»

«ጠይቂ።»

«እርስዎ ከጥምጥሙ ሥር ጠጉር አለዎት?»

የኔታ ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ከዚያ ለሚስታቸው ካልሆነ በቀር ለማንም ያልተናገሩትን ነገር ለማያውቋት ልጅ ተናገሩ። «በሠላሳ ዓመቴ ተመልጬ አልቄያለሁ።»

«ታዲያ ይህን መድኃኒት ለራስዎ ለምን አልቀቡትም?»

አጥብቃ አልጠየቀችም፤ ሰው መንገድ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀችው። የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። ጥምጥም ስላለኝ ሊሉ ነበር። ለካህን ጠጉር ምን ያደርግለታል ሊሉ ነበር። እነዚህን መልሶች ግን ለሠላሳ አምስት ዓመት ለራሳቸው ሲነግሩ ኖረዋል፣ አሁን አፋቸው ላይ ሲደርሱ ውሸት ውሸት ሸተቱ። እውነቱ ብራናው እጃቸው ከገባበት ቀን ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ መጀመሪያ ጣታቸው ላይ ሞክረውታል፣ ጣታቸው ተልጦ አንድ ወር ቆስሏል።

«ያቃጥላል ብዬ» አሉ።

የኔታ ጣታቸውን ያዳኑበትን ጨርቅ አዩ። የይበልጣል ራስ ላይ ያ ጨርቅ አልነበረም። ልጁ ጥርሱን ነክሶ፣ ጉልበታቸውን ይዞ፣ «እችለዋለሁ የኔታ፣ ይጨምሩበት» ሲላቸው ትዝ አላቸው፤ እሳቸውም ጨምረውበታል። ተስፋ መቁረጥ ሲገባ ድምፅ የለውም፤ ልባቸው ባዶ ሆነ። እስከዚህች ሰዓት ድረስ የልጅቷን ቃል መጠራጠራቸው መጠለያቸው ነበር። ልጅቷ ከተሳሳተች እሳቸው ሐኪም ናቸው። እሷ ልክ ከሆነች ግን የእህታቸውን አንድ ልጅ በእጃቸው አቃጥለዋል።

«የተቃጠለው ላይ ያንን ቅባት ብንቀባለትስ?» አሉ በመጨረሻ፣ እንደሚለምን ሰው።

«ጠባሳ በያዘው ላይ ምንም አይበቅልም፣ የኔታ። ሥሩ ሞቷል። ልዋሽዎት አልችልም። ግን መግል ይዟል ካሉኝ ዛሬ ካልታከመ ቁስሉ እየሰፋ የቀረውንም ይበላዋል፣ ለሕይወቱም ያሰጋዋል። ሳይደርቅ በእርጥብ፣ ሳይርቅ በቅርብ ነው። አብሬዎት ልሂድ፣ ወደ ጤና ጣቢያው እንውሰደው።»

የኔታ በምርኩዛቸው ጫፍ መሬቱን ቆፈሩ። ከብት እንዳይነካው ጠርሙሱን ከነጨርቁ ቀብረው ድንጋይ ጫኑበት። ሲነሡ ቅድስት ደገፈቻቸው። «ብራናው ብዙ ጥሩ ነገር አለበት» አሉ እየሄዱ። እሷም «አለበት፣ የኔታ» አለች፣ ከአንገት በላይም አልነበረም።

በመጣላቸው ሌላ መኪና ወገዳ የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ይበልጣል ጨለማው ጓዳ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፣ ራሱ በነጠላ ተጠምጥሟል፣ የቁስሉ ሽታ ከበር ይቀበላል። የትናየት ሁለት ጊዜ መጥታ ነበር፣ ፍቅርተ ናት የነገረቻቸው። «በራም ቢሆን እሱን ነው የምፈልግ» ብላ ከደጅ ቆማ ለምናዋለች፤ እሱ ግን በሩን አልከፈተላትም። ትናንት ማታ አባቷ ሽማግሌ ልከው ቃላቸውን መልሰው ወስደዋል።

የኔታ ከአልጋው አጠገብ በርከክ አሉ። ምን እንደሚሉ መንገዱን ሙሉ ሲያስቡ መጥተው ነበር፣ ቅኔ የማያልቅበት አፋቸው ግን አንድ ቃል አጣ። ስለዚህ ጥምጥማቸውን ፈቱ። ዙሩ ብዙ ነበርና ጊዜ ወሰደ። ይበልጣል ዘወር ሲል የአጎቱን ራስ አየ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት የተመለጠ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ራስ።

«ያንተ ላሽ አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «ከእኔ የወረስከው ነው። ያቃጠልኩህም እኔ ነኝ።»

ይበልጣል አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር።

«ይህን በጥቅምት ቢያሳዩኝ ኖሮ» አለ፣ «መድኃኒት አልጠይቅዎትም ነበር።»

ከዚያ ተነሥቶ ከቅድስት ጋር ሄደ።

ቁስሉ በአንድ ወር ዳነ፤ በጎንና በኋላ የቀረው ጠጉሩ ተረፈለት፣ አናቱ ግን ጠባሳ ሆኖ ቀረ። ጥምቀት መጣ፣ ሄደም፤ ለሠርጉ የተቀመጠው ቅቤ ለሌላ ወጥ ዋለ፤ የትናየት በፋሲካ ሌላ ሰው አገባች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና ይህን የሚመልስ ቅባትም ኪኒንም የለም።

አንባቢ ከዚህ የሚወስደው ካለ ይህን ይውሰድ። ጠጉሩ የሳሳ ሰው መጀመሪያ ምን እንደያዘው በሚያውቅ ሰው ይታይ። ላሽ ከሆነ ይድናል፣ በዘር የመጣ ከሆነ በጊዜ የጀመረ ያለውን ያቆያል፣ ምንም ባያደርግም ራሱ ጤነኛ ይሆናል፣ ሙሽራይቱም የእሱ ትሆናለች። ዛሬ ባርኔጣ ደፍተው ወደ የኔታ የሚመጡ ወንዶች ይህንኑ ነው የሚሰሙት፣ በዚያ ዓመት ብቻ አራቱ ወደ ሐኪም ሄደዋል። የኔታ ግን ምክሩን በቃል አይጀምሩትም። እንግዳውን ያስቀምጡና ጥምጥማቸውን መፍታት ይጀምራሉ።