ብርክቲን «አውልቂው» ያልኳት ዕለት

እኛ ሥራ በለመድንበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ መጠየቅ የሚባል ነገር አልነበረም። ስልኩ እየቀዳ ነው? ይቅዳ፣ ግድ የለም፤ ብቻ ጠጋ አድርጊው፣ የጎረቤት መጋዝ ድምፄን እንዳይውጠው። ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ መጠየቅ። እኔ ብየዳ የለመድኩት አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ እና ሰውየው አይናገሩም። እጃቸውን ታያለህ፣ ታያለህ፣ ታያለህ፣ አንድ ቀን «ያዝ» ይሉሃል። ከቻልክ ቻልክ፣ ካልቻልክ በጥፊ ነው። አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ ይሄ ለምንድነው እንዲህ የሚያዘው?» ብላቸው፣ «ዓይን የለህም?» አሉኝ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ጠይቄ አላውቅም። ታዲያ ሰው ማሰልጠን ማለት እሱ መሰለኝና ሠላሳ ምናምን ዓመት እንደዚያው ኖርኩ።

ይህን የምነግራችሁ ዛሬ የመጀመሪያ ቀናችሁ ስለሆነ ነው። ስለ ብርክቲ ኮሌጅ ውስጥ ሰምታችሁ ይሆናል። ብትሰሙም ከእኔ ስሙት፣ ምክንያቱም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ከዚህ ሁለት ሼድ አልፎ፣ አሁን ጫማ የሚሠሩት ልጆች ያሉበት፣ ያኔ የሰለሞን የብረታ ብረት ቤት ነበር። ሰለሞን የሟች ጓደኛዬ ልጅ ነው፣ ሥራውን ከእኔ ነው የለመደው፣ እና ሰባት ሆነን በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን። ቡልቡላ ላይ በየጊዜው ሕንፃ ይነሳል፣ ሥራ አይጠፋም። ባለቤቱ ሰለሞን ይሁን እንጂ በሥራው ላይ እኔ ያልኩት ነው የሚሆነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ቱታዋን በልኳ አሳጥራ የሰፋች፣ ለተግባር ልምምድ መመደቧን የሚገልጽ የኮሌጅ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ብርክቲ ትባላለች። አባት የላትም፣ እናቷ ወይዘሮ ለተኪዳን መገናኛ ሽንኩርትና ድንች ይሸጣሉ፣ ከትግራይ ሕፃን ሆና ይዘዋት መጥተው እዚህ ያሳደጓት ናት። ሰለሞን ደብዳቤውን አየና፣ «ጋሽ በላቸው፣ ሴት ነው የላኩልን፣ ምን ይላሉ?» አለኝ። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ «ምን ችግር አለው፣ ሻይ ታፈላልናለች» አልኩ። ሰምታኛለች። ቦርሳዋን ግድግዳው ላይ ሰቀለችና ግራይንደሩን፣ የብረት መቁረጫ ማሽኑን፣ አነሳች፣ አገላበጠችው፣ እና «ጋሼ፣ የዚህ መከለያው የት ነው?» አለች።

መከለያውን ታውቁታላችሁ፣ የሚዞረውን የመቁረጫ ዲስክ እንደ ግማሽ ጨረቃ የሚሸፍነው ብረት። ዲስክ ቢሰበር ስብርባሪው ወደ ሰው እንዳይመጣ ነው። እኛ ቤት ግን ማሽኑ ከተገዛ ጀምሮ ወልቆ ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። ለምን? ጥግ ውስጥ አያስገባም፣ ትልቅ ዲስክ አያስገጥምም፣ ሥራ ያጓትታል። «እሱ የትምህርት ቤት ነው» አልኳት፣ ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሷ ሳጥኑን በርብራ አወጣችውና ጠርጋ ገጠመችው። ከሰዓት እኔ ፈታሁት። በማግስቱ ደግማ ገጠመችው። እንዲህ እሷ ስትገጥም እኔ ስፈታ ሦስት ሳምንት ሄደ። ታዲያ ልጅቷ ሥራ ታውቃለች፣ ይሄን ልደብቅ አልችልም። ብየዳዋ ጥርት ያለ ነው፣ መለኪያዋ አይሳሳትም። እኔ በዓይኔ ለክቼ የምቆርጠውን እሷ በሜትር ትደግመዋለች፣ እና አንዳንዴ ዝም ብላ ታስተካክለዋለች፣ እንዳላፍር ብላ።

ያን ሐሙስ ጠዋት አንድ የደረጃ መደገፊያ ልናስረክብ ነው፣ ባለቤቱ ከምሳ በኋላ ይመጣል። አንዱን ቋሚ ቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት የሆነውን ብረት፣ አጣምሜ በይጄዋለሁ። እኔ ነኝ ያጣመምኩት። ከጥጉ ተቆርጦ መውጣት አለበት። እኔ ብረቱን ይዤ፣

«ብርክቲ፣ ቁረጪው» አልኳት።

«ጋሼ፣ ዲስኩ አይደርስም።»

«ትልቁን ዲስክ አስገቢ።»

«መከለያው እያለ አይገባም።»

«አውልቂው።»

«ጋሼ፣ ትልቁ ለዚህ ማሽን አይሆንም። ፍጥነቱን አይችልም፣ መምህራችን እንዳሉት…»

«መምህርሽ እዚህ የለም። አውልቂው አልኩ።»

አየችኝ። ፈርታ አይደለም። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ አክብራኝ ነው። በዕድሜ አባቷ እሆናለሁ፣ እና በሰው ፊት እምቢ ብትለኝ ነውር መሰላት። «እሺ ጋሼ» አለችና ፈታችው። የዓይን መከላከያ መነጽር ያለን አንድ ነው፣ እሱንም ሌላ ሠራተኛ አድርጎታል። አስነሳችው፣ ጥጉ ውስጥ አስገባችው፣ ዲስኩ ተሰበረ።

ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ሸክላ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ግራይንደሩ ወደቀ፣ እሷ ግን አልወደቀችም። ቆማ፣ በእጇ ፊቷን ይዛ፣ በጣቶቿ መሀል ደም እየወረደ፣ «ጋሼ፣ ማሽኑን ከሶኬት ይንቀሉት፣ ሰው ይጎዳል» አለችኝ። እስቲ አስቡት። ማሽኑ መሬት ላይ እየዞረ ነው፣ እኔ ደርቄ ቆሜያለሁ፣ እና ማድረግ ያለብኝን የነገረችኝ እሷ ናት።

ታክሲ በስልክ ጠርተን ወሰድናት። ሰለሞን ለእናቷ ደወለ። ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ወይዘሮ ለተኪዳን በሽርጣቸው እንዳሉ፣ እጃቸው አፈር እንደሆነ ደረሱ፣ «ጓለይ፣ ጓለይ» ይላሉ፣ ልጄ ልጄ ማለታቸው ነው። ሐኪሙ ወጥቶ ግራ ዓይኗን ማትረፍ እንዳልቻሉ ነገራቸው። ተቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ «አባቴ፣ ፈጥነው ስላደረሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። እኔም «አሜን» አልኩ። «አሜን» ነው ያልኩት። ያቺን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም።

በሦስተኛው ቀን ሰለሞን አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ኮሌጁ ሦስት ሰው መድቦ እያጣራ ነው። ወረቀቱ «ሰልጣኟ ሳትታዘዝ በራሷ ፈቃድ መከለያውን አውልቃ» ይላል። በምስክርነት እኔ እንድፈርም ነው።

«ሰለሞን፣ ይሄ ውሸት ነው» አልኩት።

«ጋሽ በላቸው፣ አውቃለሁ። እውነቱ ከተጻፈ ግን መንግሥት ሼዱን ይነጥቀናል። ሰባት ቤተሰብ ነው። እርስዎስ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥርዎታል?» ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ደግሞ በሌሎቹ ማሽኖች ጩኸት ያሉትን ማንም አልሰማም» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ ማንም አልሰማም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና መጀመሪያ ብርክቲን ልያት ብዬ ሐኪም ቤት ሄድኩ። አልጋ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፣ ግማሽ ፊቷ ታሽጓል። ገና ሳልቀመጥ፣ «ጋሼ፣ አያስቡ። እኔ ነኝ ያወለቅኩት ብያቸዋለሁ» አለችኝ።

«ለምን እንዲህ አልሽ?»

«እርስዎ አዘዙኝ ካልኩ ሼዱ ይዘጋል። ከዚያ 'ሴት ሰልጣኝ ጣጣ ነው' ይላሉ፣ ማንም ቤት አይቀበለንም። ከኋላዬ ስድስት ሴቶች ምደባ እየጠበቁ ነው።»

እኔ ልጅቷ ለራሷ ዓይን የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እሷ የስድስት ሰው ምደባ ታስባለች። ታዲያ ከሐኪም ቤቱ ወጣሁ። ወደ ቤቴ አልገባሁም፣ ቀጥታ ወደ ኮሌጁ ሄድኩ። ሦስቱን አጣሪዎች አገኘሁና፣ «አውልቂው ያልኳት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ነግራኛለች፣ ሁለት ጊዜ አዘዝኳት። ልጅቷ የምትላችሁን እንዳትሰሙ፣ እኔን ለማዳን ነው» አልኳቸው። አንደኛው፣ «አባባ፣ ሊያስጠይቅዎት እንደሚችል ያውቃሉ?» አለኝ። «አውቃለሁ፣ ጻፈው» አልኩት፣ ጻፈው፣ ፈረምኩ።

ሼዱ ታሸገ። ሠራተኛው ተበተነ። ኮሌጁም ለጊዜው ወደዚህ ግቢ ሰልጣኝ መላክ አቆመ፣ ስድስቱም ሴቶች ሳይመደቡ ወራት ተቀመጡ። ሰለሞን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል፣ እና አልፈርድበትም። ብርክቲማ፣ ደውላ፣ «ማን ይናገሩ አለዎት? እኔ ዓይኔን ሰጥቼ ያቆየሁትን እርስዎ በአንድ ጠዋት ዘጉት» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው። እውነት መናገር ደስ ይላል የሚላችሁ ሰው ካለ እንጃ፣ እኔን ደስ አላለኝም። ነገሩ ዳግም ቢመጣ ግን መልሼ እናገራለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ሰባት ወር ገደማ ቆይቶ ወይዘሮ ለተኪዳን ደወሉልኝ። ሁሉን ሰምተዋል። «ልጅቷ ወደ ኮሌጅ ተመልሳለች፣ ግን ብየዳው እምቢ ብሏታል፣ ትመጣለች ትተኛለች፣ አትበላም» አሉኝ። ሌላ አላሉም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮሌጁን አስፈቅጄ ወርክሾፑ ገባሁ። አየችኝ፣ ሰላም አላለችኝም፣ አላባረረችኝምም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በአንድ ዓይን ርቀት አይታወቅም። ኤሌክትሮዱን፣ የብየዳ ዘንጉን፣ ብረቱ ላይ አሳርፋለሁ ስትል ወይ አየር ላይ ይቀራል ወይ ይጣበቃል። «እንዲህ» ብዬ ላሳያት እጄን ዘረጋሁ፣ ከዚያ ተውኩት። የእኔ እጅ በሁለት ዓይን የለመደ ነው፣ ምን ይጠቅማታል? ቤቴ ሄጄ ግራ ዓይኔን በጨርቅ አሰርኩና ብየዳ ጀመርኩ። እንደ ጀማሪ ሆንኩ። ሦስት ቅዳሜ እንደዚያ፣ ከዚያ የግራ እጄን ትንሿን ጣት ብረቱ ላይ አሳርፌ ቀኝ እጄን በዚያች ጣት ላይ ሳስደግፍ ርቀቱ በእጅ እንደሚታወቅ ገባኝ። እና መጥቼ በአፌ ነገርኳት። «ጣትሽን እዚህ፣ ክርንሽን ጠረጴዛው ላይ፣ አሁን ዝቅ፣ ድምፁን ስሚው፣ ሲንጣጣ ራቅ ብለሻል፣ ዝም ሲል ተጭነሻል።» በዕድሜዬ ሥራን በቃል አስረድቼ አላውቅም ነበር። ቃል ሲጠፋኝ እሷ ከደብተሯ ትሰጠኛለች። ስድስት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ቆየን። የብቃት ምዘናውን ወሰደች፣ አለፈች። አሁን ለሚ አካባቢ አንድ የመስኮት ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ናት፣ አራት ሰው በሥሯ አለ። ይሄኛውም ግቢ ሰልጣኝ መቀበል ጀመረ፣ እኔንም እዚህ ሼድ ሰልጣኝ እንዳሳይ ቀጠሩኝ፣ ይኸው እናንተ መጣችሁ።

ይቅርታ? እኔ ጠይቄያታለሁ። «እሺ» አላለችኝም፣ «አይሆንም»ም አላለችኝም። በዓል ሲሆን ትደውላለች፣ ስለ ሥራ እናወራለን። ከዚያ በላይ መጠየቅ የእኔ አይደለም።

ከሰልጣኞቹ አንዷ፦ «ጋሼ፣ እኔ ብሆን አላወልቅም ነበር።»

እሱን አትበይ። እሷም ካንቺ በላይ ጠንቃቃ ነበረች። ሽማግሌ ሲያዝሽ፣ ሰው ሲያይሽ፣ ሥራ ሲቸኩል ነው የሚታወቀው። ነገ እኔ ራሴ ተሳስቼ ባዝዝሽስ? እስቲ አሁን ልሞክርሽ። አውልቂው።

«ጋሼ፣ እንዴት ብዬ…»

አውልቂው አልኩ።

«…እምቢ፣ ጋሼ።»

ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ ማሽን ይጮሃል።

«እምቢ፣ ጋሼ። አላወልቅም።»

እንደሱ። በሉ ተነሱ፣ ሥራ እንጀምር።