ዳገት ላይ የተጣለ መንጠቆ

በእኛ ጊዜማ ዓሣ ለመግዛት ገበያ መውጣት የሚባል ነገር የለም፤ ዓሣ ከሐይቁ ነው፣ ሐይቁ ደግሞ በራችን ላይ ነው። ጻፍሽው? እንዳልኩት ጻፊው፣ እንዳታሳምሪው። የትምህርት ቤታችሁ ሚኒ ሚዲያ ላይ ስታነቢው ልጆቹ የሽማግሌ አፍ ይስሙ እንጂ የመጽሐፍ አይስሙ።

— አባባ፣ ቀስ ይበሉ፣ እጄ አልደረሰም።

እሺ፣ ቀስ አልኩ። እና ያደግሁት ጫሞ ሐይቅ ዳር ነው፤ አባቴ ዓሣ አጥማጅ፣ አባቱም ዓሣ አጥማጅ። አባቴ ከብስክሌት ጎማ ሽቦ ቀጥቅጦ የሠራት አንዲት መንጠቆ ነበረችው። ታዲያ እኛ ቤት ደንብ አለ። ልጅ የመጀመሪያ ዓሣውን ሲያወጣ አይበላትም። ወስዶ ለሳቀበት ሰው ይሰጣታል። «ለወዳጅህማ ማንም ይሰጣል!» ይል ነበር አባቴ። ያንን ያደረገ ልጅ መንጠቆዋን ይወርሳል፣ ያላደረገ አይወርስም፣ አለቀ። እኔ በስምንት ዓመቴ ያወጣሁትን «አንተ ልጅ፣ ከዓሣው አንተ ትሸታለህ» ሲለኝ ለከረመ ነጋዴ ሰጠሁት። አፈረ ሰውዬው፣ አንገቱን ደፋ። እና መንጠቆዋን ወረስኩ።

አባትሽ ግን አልወረሰም። ይሄንንም ጻፊው፣ ግድ የለም። ሰባት ዓመቱ ነው፣ ታንኳ ላይ ይዤው ወጣሁ፣ አዞ ከመረቡ ሥር ብቅ አለ፣ መረባችንን ከነዓሣው ጎተተው፣ ታንኳው ተናጠ፣ ልጁ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸ። እና እኔ ምን አልኩት? «ዝም በል! ዓሣውን ታባርርብኛለህ!» አየሽ፣ ልጄ አዞ ሊበላው ነው፣ እኔ ስለ ዓሣ አወራለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ዳር አልደረሰም። ደብተሩን ያዘ፣ ተማረ፣ አዲስ አበባ ገባ፣ የቢሮ ሰው ሆነ። መንጠቆዋ እኔው ኪስ ውስጥ ቀረች።

ታዲያ አያትሽን ጌታ ሲወስዳት አባትሽ መጣና «አባዬ፣ ብቻህን አትሆንም» ብሎ ወደዚህ አመጣኝ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ዳገት ላይ። ብቻህን አትሆንም አለኝ። ጠዋት እሱ ጉርድ ሾላ ቢሮው ይሄዳል፣ እናትሽ ሱቋን ልትከፍት ትወጣለች፣ አንቺ ትምህርት ቤት ትሄጃለሽ። በሩ ጓ ይላል፣ ጓ ይላል፣ ጓ ይላል፣ ሦስቴ። ከዚያ በኋላ እኔና ግድግዳው ነን። ጎረቤቱ «እንደምን አደሩ» ይላል፣ እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» እስክል አልፎ ሄዷል፣ ለማን እንደመለስኩ እንኳ አላውቅም።

እና የባሕር ዛፉ ቅጠል አለ። ነፋስ ሲመታው ሰምተሽዋል? ልክ ማዕበል ዳር ሲመታ ነው፣ ሿ፣ ሿ ይላል። ተኝቼ ስሰማው እግሬ ራሱ ጫማ ይፈልጋል። አንድ ቀን ተነሥቼ ድምፁን ተከትዬ ወጣሁ። ዛፍ ብቻ ነው። ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ። ከዛፉ ማዶ ግን ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ካባ አለ፣ ሰፊ ጉድጓድ፣ ዝናቡ ሞልቶታል። ውሃ! ተቀመጥኩ፣ ሲባጎዬን ፈታሁ፣ መንጠቆዬን ጣልኩ። ዓሣ እንደሌለ ጠፍቶኝ ነው? እጄ ግን ሲባጎ መያዝ ናፍቆታል።

እትዬ የሺ እዚያ ልብስ ታጥባለች፣ ያቺ የታች ግቢ ጎረቤታችን። «አባት፣ ምን እየሠሩ ነው?» አለችኝ።

«ዓሣ እያጠመድኩ።»

«እዚህ?! እንግዲህ እንቁራሪቱን ሲይዙ ለእኔም ይድረሰኝ!» ብላ ሳቀች፣ እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት ሴቶችም ከነሸክማቸው ቆመው ሳቁ። በማግሥቱ ስሜ «የእንቁራሪቱ አባት» ሆነ።

አንቺስ ያን ጊዜ ምን ነበርሽ?

— ይሄም ይጻፍ?

ጻፊው እንጂ! አስተማሪ ስምሽን ሲጠራ «አቤት» ለማለት በሃፍረት የምትሞቺ፣ ጠረጴዛ ሥር መግባት የሚያምርሽ ልጅ ነበርሽ። የሰፈሩ ልጆች ገመድ ሲዘሉ አንቺ ከትምህርት ቤት መጥተሽ እኔ አጠገብ ቁጭ ትያለሽ። ሁለት ዝምተኞች። እና አንድ ቀን «አባባ፣ ዓሣ ከሌለ ለምንድን ነው የምንቀመጠው?» አልሽኝ። አፈርኩ።

ታዲያ ጉርድ ሾላ ወረድኩ፣ ለሆቴሎች ዓሣ የሚያመላልስ አንድ የሀገሬ ልጅ አለ። «ትናንሽ አምባዛ ከነነፍሱ አምጣልኝ» አልኩት። አምባዛ ጠንካራ ዓሣ ነው፣ ትንሽ ውሃ ካገኘ መንገድ አይገድለውም። ሦስት በጀሪካን አመጣልኝ።

«አባባ፣ ለየትኛው ቤት ነው?»

«ለጉድጓድ ነው።»

እጁን ግንባሬ ላይ አደረገ፣ ትኩሳት ይኑረኝ አይኑረኝ ሊያይ! እኔም ተሸክሜ ወጥቼ ካባው ውስጥ ለቀቅኳቸው። እና ስህተቴ ይሄ ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም። ለአንቺም ጭምር። መንጠቆው ሲጎትትሽ ስትደነግጪ ፊትሽን ለማየት ብዬ። ለአባትሽ ደግሞ እንዴት ልንገረው? «አባዬ፣ እኔን ያስጮህከኝ ይበቃል፣ ልጄን ከውሃ አርቅልኝ» ብሎኛል።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ረቡዕ ቀን ነው፣ ጩኸት ሰማሁ። እትዬ የሺ ናት። «ኡኡ! ጺም አለው! ውሃው ውስጥ ጺም ያለው ነገር አለ! እግሬን ላሰኝ!» ሰፈሩ ወጣ። አንዱ «ዘንዶ ነው» ይላል፣ አንዷ «ዘንዶማ ጺም የለውም፣ ጋኔን ነው፣ ጸበል ይረጭበት» ትላለች፣ ጎረምሶቹ ድንጋይ ይዘዋል፣ «በሞተር ውሃውን እንሳበውና እንየው!» የሚልም አለ። እኔስ? እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። «ሽማግሌው ነው ያመጣው» ቢሉ የአባትሽ ፊት ምን ይሆናል? ስንት ዓመት ከአዞ ጋር የኖርኩ ሰውዬ ከጎረቤት ፈራሁ።

አንቺ ከነዩኒፎርምሽ መጣሽ። ውሃውን አየሽ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እኔን አየሽ፣ ፊቴ ላይ ሁሉንም አገኘሽው መሰለኝ። ታዲያ «አቤት» ማለት የምትፈሪው ልጅ «ተዉ! አትወርውሩ! የአያቴ ዓሣ ነው!» ብለሽ ጮኽሽ። ቦርሳሽ ሳይቀር ጀርባሽ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ጺም ያለው ዓሣ?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«አምባዛ ነው። አምባዛ ጺም አለው።»

«አላምንም። አሳዪና!»

እጅሽን ዘረጋሽልኝ። «አባባ፣ መንጠቆዋን ይስጡኝ» አልሽኝ። ከጭቃው ትል ቆፍሬ ሰካሁልሽ፣ ጣልሽ። ሰዉ አንገቱን አሰገገ። ሲባጎው ትንሽ ተነካ፣ አየሽኝ፣ «ገና» አልኩሽ። እንደገና ተነካ። «ገና።» ከዚያ ሲባጎው ሮጠ፣ «አሁን!» አልኩ፣ ጎተትሽው፣ ወጣ፣ ሳሩ ላይ ተፈራገጠ፣ ጎረምሶቹ ወደ ኋላ ሸሹ፣ የሺ አንድ ጫማዋን ጥላ ነው የሮጠችው!

(አያቴ እዚህ ላይ እስኪያስላቸው ሳቁ። ውሃ ሰጠኋቸው።)

ደንቡንስ ረሳሽ? አልረሳሽም፣ ነግሬሽ ነበራ። ዓሣውን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ በውሃ አድርገሽ የሺ ፊት አስቀመጥሽ። «እትዬ የሺ፣ ለእርስዎ ነው።»

«ለእኔ? ስስቅባችሁ ለከረምኩት?»

«ስለሳቁብን ነው የምሰጥዎት።»

ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉም አሉ፣ እኔ ግን አልበላም። ነገ አምጪልኝ።»

እና ዓሣው ከነሳፋው እኛ ቤት ሊያድር መጣ። አባትሽ ከሥራ ገባ፣ መብራት የለም፣ ሊታጠብ እጁን ሳፋው ውስጥ ከተተ። «አዞ!» ብሎ ወንበር ላይ ወጣ! የቢሮ ሰው፣ ከነከረባቱ! እኔ እንኳ አልሳቅሁም፣ የዛሬው ጠብ ልዩ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። አንቺ ግን «አባዬ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት» አልሽው።

«አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ። ግን አወጣሁት።»

ያን ጊዜ ነው ስንት ዓመት አፌ ውስጥ የያዝኩትን ያወጣሁት። «ልጄ፣ ያን ቀን ጩህ፣ ጩህ ነበር ልልህ የሚገባኝ። ይቅር በለኝ» አልኩት። ከወንበሩ ወረደ፣ ንጹሕ ውሃ ቀዳ፣ ሳፋው ላይ፣ ዓሣው ላይ ቀስ አድርጎ አፈሰሰለት። ይኸው ነው። መልሱ ይሄ ነበር።

ሐሙስ የሺ ሠርታ በላች፣ መንጠቆዋም ያንቺ ሆነች። ከዚያስ? ከዚያማ መኪኖች መጡ፣ ታች ለኮንዶሚኒየም ከተቆፈረ ቦታ አፈር እያመጡ ካባው ውስጥ ገለበጡ። ሁለቱ አምባዛ እዚያው ናቸው። ሾፌሩን «ልጄ፣ ውስጡ ዓሣ አለ እኮ» አልኩት። «አባት፣ ዘወር ይበሉ፣ አቧራው ይጎዳዎታል» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። ዘወር አልኩ።

አንቺም ደግሞ ዛሬ ሚኒ ሚዲያ፣ ነገ ክበብ፣ ቅዳሜ ጥናት። አልወቅስሽም፣ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። በሩ ግን ያው ጓ፣ ጓ፣ ጓ ይላል። ቅጠሉም ያው ሿ ይላል። እኔም ወጥቼ አፈሩ ላይ እቀመጣለሁ። አንዳንዴ የሺ ታልፋለች፣ «አባት፣ ዛሬም አልነከሰም?» ትለኛለች። «አልነከሰም» እላታለሁ። አሁን አትስቅም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

በቃ፣ ይኸው ነው። ደብተርሽን ዝጊ።

— አባባ፣ ነሐሴ ትምህርት ዝግ ነው። ጫሞ ይውሰዱኝ።

አይ ራሒ! አባትሽ ይሄን ቢሰማ...

— ነገርኩት እኮ። ፈርቼ ነበር፣ ግን ነገርኩት።

እና ምን አለሽ?

— «ታንኳው ሦስት ሰው ይይዛል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አለኝ።

(አያቴ ፊታቸውን ወደ ባሕር ዛፉ አዞሩ።)

ይይዛል በዪው። ከነጩኸቱ ይይዛል።