ሹፌሩማ ቆሞ ነበር

እሺ፣ አንዴ ዝም በሉልኝ። ማይክ የለንም፤ የእኔ ድምፅ ግን ማይክ አይፈልግም፣ ሱቃችን የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ለማታውቁኝ እንግዶች፣ እኔ የሱቁ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። አለቃችን "ምላስ ያለሽ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ተናገሪ" አሉኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም።

ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው የመጡበትን ቀን አልረሳውም። አለቃችን በሩ ላይ "ለእሽቅድምድም መኪና የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንፈልጋለን" ብለው ለጥፈዋል። የሚሠሩበት የጭነት መኪና ጋራዥ የተዘጋባቸው አንድ ሰው ቱታቸውን እንደለበሱ፣ በአንድ እጃቸው ክሪክ ይዘው፣ ወፍራም የባትሪ ገመድ በትከሻቸው አንጠልጥለው ከች አሉ። አለቃችን "ሥራው ይኸውልዎ" ብለው በሪሞት የምትነዳ፣ ድመት የምታክል መኪና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጉ። ሰውየው መኪናዋን አዩ። ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አዩ። ከዚያ ቀና አሉና በትሕትና "ትልቁስ የት አለ?" ብለው ጠየቁ።

ጋሼ፣ ዓይንዎን አያፍጥጡብኝ። ጠዋት ያሉኝን አልረሳሁም። "አደራሽን፣ አማቴ ይመጣሉ፣ ስለ መኪኖቹ መጠን ትንፍሽ እንዳትይ" ብለውኛል። ሽኝቱንም ከሱቁ አውጥተው እዚህ ምግብ ቤት ያስደረጉት ለዚሁ ነው፤ "ሱቁ ይጠብበናል" ይበሉ እንጂ። እማማም ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፣ ጆሯቸው ደግሞ ከእኔ ይሻላል። ትንሽ ይታገሡኝ፣ የማደርገውን አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ እኛ ጋ ሲቀጠሩ ለማግባት ሽር ጉድ እያሉ ነበር። እማማ ደግሞ ልጄን ሥራ ለሌለው ሰው አልሰጥም ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ጋሼ ሄደው "እሽቅድምድም መኪና ላይ ተቀጥሬያለሁ" አሉ። ውሸት ነው? አይደለም። መጠኑን የጠየቃቸው የለም። ለእኛ ደግሞ ደህና ሥራ እስካገኝ ነው፣ ለጊዜው ነው ይሉን ነበር። ለጊዜው እያሉ ፀጉራቸው ሸበተ፣ እኛም "ጋሼ ለጊዜው" ብለናቸው አረፍን።

ባለቤታቸው እንዳጫወቱኝ፣ ራት ላይ እማማ ይጠይቃሉ፣ ጋሼ እውነት እውነቱን ይመልሳሉ። ነዳጅ ትፈጃለች ወይ? ኧረ፣ በባትሪ ነው የምትሄደው። ፍጥነቷስ? ዓይን አይከተላትም። አንድ ቀን ጋሼ ፊታቸው ጠቁሮ ገቡ።

"ምነው ልጄ?"

"መኪናዋ ሦስቴ ተገለባብጣ ተሰባበረች፣ እማማ።"

"እኔን! ሹፌሩስ?"

"ሹፌሩማ ደህና ነው። ቆሞ ነበር።"

እማማ ያን ሰሞን ሁሉ ለሹፌሩ ሲጸልዩ ሰነበቱ።

ሥራቸውንስ ታውቁታላችሁ። አንዱ ጎረምሳ ገብቶ "ከሁሉ ፈጣኑን ሞተር ስጡኝ" ሲል ጋሼ ሞተር አያሳዩትም። የምትነዳበት ሜዳ አፈር ነው ምንጣፍ? ኩርባው ይበዛል? ባትሪህ ይህን ሞተር ይችላል? ልጅ ሊያጭ የመጣ እስኪመስል ድረስ ይመረመራል። መጨረሻ ላይ መካከለኛውን ገዝቶ፣ አኩርፎ ይወጣል። በሳምንቱ አሸንፌ መጣሁ ብሎ ያቅፋቸዋል። ዕቃውን ሲገጥሙማ አትጠጓቸው። መኪናዋን ሁለት የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ያቆሟታል፣ ግራዋን በአንዱ፣ ቀኟን በሌላው። ባትሪው በግራ ከከበደ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ወደ ቀኝ ይዛወራል፣ ሽቦ ትንሽ ከረዘመ ይቆረጣል። ይሄ አመል ሆኖባቸው ቦርሳቸውን በቀኝ ከያዙ ጃንጥላው በግራ ነው፣ ዝናብ ባይኖርም። ከሙከራ በኋላ ደግሞ ጣታቸውን ሞተሩ ላይ ያሳርፉና "ትኩሳት አላት፣ ማርሹ ከብዷታል" ይላሉ። አለቃችን የታመሙ ጊዜ ግንባራቸውን በዚያው ጣት ነክተው ያንኑ ነገሯቸው።

እኔን ግን አንዴ አስቀይመውኛል። መኪናዋ ውስጥ ከሪሞቱ የሚመጣውን ትእዛዝ የምትሰማ ትንሽ ዕቃ አለች፣ "ተቀባይ" ነው የምንላት። እኔም ተቀባይ ነኝ። አንድ ቀን ከመጋረጃው ወዲያ ለደንበኛ ሲናገሩ ሰማኋቸው።

"ችግሩ ያለው ተቀባይዋ ላይ ነው። አርጅታለች። የሚነገራትን አትሰማም፣ ስትሰማም ዘግይታ ነው። እሷን አውጥተን አዲስ እናስገባ።"

ደንበኛው ይባስ ብሎ "ሌላ ቶሎ ይገኛል?" አለ። እሳቸውም "ሞልቷል" አይሉ መሰላችሁ!

በቃ፣ አኮረፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ሰላም አላልኳቸውም። ምን እንዳጠፉ አያውቁም፣ አለቃችንን ይጠይቃሉ፣ የጥበቃውን ሰውዬ ሳይቀር አማላጅ ይልካሉ። መጨረሻ ላይ ሲጨንቃቸው ራሳቸው መጥተው ምን በደልኩሽ አሉኝ። አርጅታለች ያሉት ማንን ነው አልኳቸው። ወደ ሥራ ጠረጴዛቸው ወስደው ያቺን ጥፍር የምታክል ዕቃ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። "አንቺንማ ማን ይተካሻል" አሉኝ። ጋሼ፣ ስንት ክፉ ቀን በዚያች ቃል እንዳለፍኩ አያውቁም።

እንዲህ ናቸው። አለቃችን አንዲት መኪና ለደንበኛ ሲያሳምሩ ተንጠልጥላ ያዩዋትን ቀጭን ሽቦ ትርፍ ናት ብለው በመቀስ ቆረጧት፤ አንቴናዋ ነበረች። መኪናዋ ሜዳ መሐል ትእዛዝ አልሰማ ብላ አጥር ውስጥ ገባች። ጋሼ ደንበኛው ፊት "አገጣጠሜ ላይ ነው ስሕተቱ" ብለው በራሳቸው ወሰዱት። ለብቻቸው ሲሆኑ ብቻ "ጆሮዋን ቆርጠው ለምን አልሰማችኝም አይበሉ" አሏቸው። አለቃዬ ይቅርታ፣ ዛሬ ወጣብዎት። ጋሼ ማንንም ሰው ፊት አሳፍረው የማያውቁ ሰው ናቸው ለማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ግን ዕቃቸውን ሲሸክፉ "ዕድሜዬን በመጫወቻ ጨረስኩት፣ ለእማማ እንኳ ደፍሬ አልተናገርኩም" አሉኝ። ሰው በዚህ ልብ ጡረታ ይወጣል? አንጀቴን በሉት። እናም ትናንት ነገሩን አለሳልሼ ልነግር እማማ ቤት ሄድኩ። ገና "ስለ መኪኖቹ..." ስል ሳቁብኝ።

"የሠርጉ ሰሞን ነው ያወቅሁት" አሉኝ። "ትልቅ መኪና የሚፈታ ሰው ጥፍሩ እንዲህ አይነጣም። ነጠላዬን ተከናንቤ ሱቃችሁ ደጃፍ ሄድኩና በመስኮት አየሁት። መሬት ላይ በደረቱ ተኝቶ መኪናዋን እያየ ይስቃል።"

ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አሉ አልኳቸው።

"እንዳወቅሁ ቢሰማ ያፍርና ትቶት ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ልጄ እየሳቀ የሚገባ ባል ነበራት። ስለዚህ ሹፌሩስ እያልኩ ጠየቅሁ። አሁን ንገሪው፣ ሰው ፊት ንገሪው። ለብቻው ከሆነ ያልሰማ ይመስላል።"

ይኸው ነገርኩዎት፣ ጋሼ።

ስላስተማሩን፣ ስለታገሡን፣ የእኛን ጥፋት ስለተሸከሙልን በሁላችንም ስም አመሰግናለሁ። እንወድዎታለን። እናንተም ብርጭቆአችሁን አንሡ፤ ለጋሼ ጤና፣ ዕድሜ፣ ከባለቤታቸው ጋር ደስታ የሞላበት ዕረፍት! ጋሼ፣ እርስዎ አሁን አይጠጡ። እንባዎን ይጥረጉና ሄደው እማማን ይሳሟቸው። እኛ ብርጭቆአችንን ይዘን እንጠብቅዎታለን።