ጀርባውን ለበሩ የሰጠ ሰው

ካፖርቴን ለማሳጠር ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ቤት የገባሁት ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሽማግሌው የስፌት መኪናቸውን ከመስኮቱ ሥር አንሥተው ጨለም ወዳለው ጥግ ካዛወሩት ስድስት ዓመት ሆኗል። በመስኮቱ በኩል ቢቀመጡ ጀርባቸው ለበሩ ይሆናል፤ በጥጉ ግን ግድግዳ ተደግፈው የሚገባውን ሁሉ ያያሉ። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ሲሰፉ ስፌታቸው እንደሚንጋደድ ደንበኞቻቸው እናውቃለን። ምክንያቱን የጠየቃቸው ግን አልነበረም። እኔም ጨዋነት መስሎኝ ዝም ካሉት አንዷ ነኝ።

ከእኔ ቀጥላ አንዲት ወጣት አስተማሪ ገባች። ባዶ የነበሩትን ሁለት ወንበሮች አልፋ፣ ጨርቅ የተከመረበትንና ከግድግዳው የተጠጋውን ሦስተኛውን መረጠች፤ ጨርቁንም አንሥታ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ወንበር ሞልቶ ሳለ ጨርቄ ምን በደለሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ጀርባዬን ለበር መስጠት አልችልም። እርስዎም የሚችሉ አይመስለኝም።»

ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ ጉዳይዋን ነገረቻቸው። ከሦስት ዓመት በፊት አውቶቡስ ስትጠብቅ በተተኮሰ ጥይት ትከሻዋ ተመቷል፤ ክንዷ ወደ ኋላ ስለማይዞር የቀሚሷ ዚፕ ወደ ፊት እንዲመጣላት ትፈልጋለች። ሽማግሌው መቀሳቸውን አስቀመጡ። እሳቸው የሚያነክሱት ከመሰላል ወድቀው መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። አሁን ግን ከስድስት ዓመት በፊት ባንክ ቤት ተሰልፈው ሳለ ከኋላቸው የተተኮሰ የዘራፊ ጥይት ዳሌያቸውን እንደመታው ተናገሩ።

«እኔ ቤትማ መሰላል ኖሮም አያውቅ» አሉ።

አስተማሪዋ ለምን እንደደበቁ ጠየቀቻቸው።

«በጥይት የተመታ ሰው ሲያይ፣ ሰው ‹ማንን በድሎ ይሆን?› ይላል። ከመሰላል ለወደቀ ግን ‹እግዜር ይማርህ› ይለዋል።»

እሷም እንደ ሁለቱ በጥይት የተመቱ አሥራ አንድ ሰዎች በየሐሙሱ በቤተ መጻሕፍቱ አንድ ክፍል እንደሚሰበሰቡ ገልጻ ጋበዘቻቸው። ሽማግሌው ግን ዕውር ዕውርን ቢመራው ተያይዞ ገደል ነው ሲሉ ተከራከሩ።

«ድር ቢያብር ልትይኝ ከሆነም፣ የክርን ነገር ለእኔ ተይው።»

«ስለ ክር አልነግርዎትም። ይህ ነገር ምን እንዳስቀረብዎት ብቻ ይንገሩኝ።»

ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ነጭ ቀሚስ አመለከቱ። «ቅዳሜ ልጄ ትመረቃለች። አዳራሹ ሰው ይበዛበታል። ጉንፋን ይዞኛል ልላት ነው።»

«እስካሁን አልያዘዎትም?»

«ዓርብ ይይዘኛል።»

ሳቅ አመለጠኝ፤ ወዲያውም አፈርኩ። አባት የልጁን ቀሚስ ሰፍቶ ሲያበቃ ለብሳው ሊያያት አለመቻሉ የሚያስቅ ነገር አይደለም።

አስተማሪዋ የመጀመሪያውን ስብሰባቸውን ተረከችላቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወንበሮቹን በክብ ደርድሮ ነበር። በክብ ሲቀመጡ የአንዱ ጀርባ የግድ ለበሩ ይሆናልና ግማሾቹ ከደጅ ሊመለሱ ምንም አልቀራቸው። በመጨረሻ አሥራ አንዱም አንዱን ግድግዳ ተደግፈው ተደረደሩ፤ ማንም ለማንም ምክንያቱን ማስረዳት አላስፈለገውም። ኋላ ግን አንዱ ከግድግዳው ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ ሌላው ከኋላው ይቀመጥለት ጀመር፤ ለዚህ መጀመሪያ የተነሣው አንድ በያጅ ነው።

«ስለዚህ እርስዎ በሩን እንዳይጠብቁ ሌላ ሰው ይጠብቅልዎታል» አለች።

«የእሱንስ ጀርባ ማን ይጠብቃል?»

«ከእሱ ኋላ ያለው። የመጨረሻው ሰው ግድግዳውን ይደገፋል። አንድ ግድግዳ ለሁላችንም በቅቷል። ቅዳሜም ከኋላዎ እንቀመጣለን።»

ሽማግሌው መቀሳቸውን መልሰው አነሡ። «ሐሙስ ልየው» አሉ በመጨረሻ። «ዓርብ ጉንፋኑ ቢይዘኝ ግን ወቀሳ የለም።»

በእኛ ዘንድ ችሎ ማደር ይመሰገናል፤ ሆድ ይፍጀው እንላለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውንም እናውቃለን፤ ነገር ግን ተግሣጹን ለደባቂው ብቻ እናደርገዋለን። የሚያነክስ ሰው እያየን መሰላሉን አሜን ብለን የተቀበልን እኛም ከደበቁት ወገን ነን።

በሳምንቱ ካፖርቴን ልወስድ ስሄድ መኪናው ወደ መስኮቱ ተመልሶ አገኘሁት። ሽማግሌው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ይሰፋሉ፤ ከኋላቸው አንድ ጎልማሳ ጋዜጣ ያነባል። በያጁ ነበር። እስኪለምዱት ድረስ በምሳ ሰዓቱ እንደሚመጣ ነገሩኝ።

ዳሌያቸውን ዛሬም ያማቸዋል። ነገር ግን ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ መካከል ተቀምጠው፣ ከኋላቸው አምስት ሰው ተደርድሮ፣ የልጃቸው ስም ሲጠራ አጨብጭበዋል፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ዞር ብለዋል። ከስብሰባው መልስ፣ ሐሙስ ማታውኑ፣ እውነቱን ነግረዋታል።

«ምን አለች?» አልኳቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለ ራሳቸው የጠየቅኋቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

«ለካስ መሰላል እንደሌለን ታውቅ ኖሯል። እኔን ላለማሳፈር ብላ ስድስት ዓመት ቻለችው። እኔ የቻልኩት ለብቻዬ ይመስለኝ ነበር።»

ካፖርቴን ወደ ብርሃኑ አንሥቼ አየሁት፤ ስፌቱ ቀጥ ብሏል። አመስግኜ ስወጣ በሩ ሲጢጥ አለ። በያጁ ከጋዜጣው ቀና አለ፤ ሽማግሌው ግን አልዞሩም።