በሞገስ ስም የወጣው በሬ

ነይ እስቲ ሮዳስ፣ አረፍ በይ። ይሄ የጁባ ዝናብ እኮ ሰፈራችንን ሙኑኪን ረግረግ አደረጋት። ቦዳቦዳ ነጂውን፣ ባለሞተሩን፣ እዚህ ምግብ ቤቴ ድረስ አምጣኝ ስትይው ጭቃውን ያይና «ማፊ፣ የለም» ብሎ እጁን ያራግብልሻል። እስክሪብቶውን አስቀምጪው፣ አይሸሽም። ወረቀት ይዘውልሽ የመጡት ጋሼም ጥብሳቸው እስኪደርስ ከዚያች ጥግ አይነሱም። ይጫወቱ ጋሼ… እኛ የአክስትና የእህት ልጅ ወሬ ነው የያዝነው።

አንድ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ስሙ ሲጠራ አይወድም፣ ትሑት ነው።

አማራት ሰፈር ሆቴል አለው። ለገና በሬ በሎተሪ አወጣለሁ አለ። ደግ አይደል? ያገሬ ልጅ ቅርጫ ናፍቆታል፣ ቲኬት ይግዛና ዕድሉን ይሞክር ብሎ እኮ ነው። የደቡብ ሱዳን መንግሥት ደግሞ ያው አዲስ ነው፣ ሕጉም ገና ትኩስ ነው። ሎተሪ የሚያወጣ ፈቃድ ይያዝ፣ የአዘጋጁ ዘመድ ቲኬት አይግዛ፣ ዕጣው በሕዝብ ፊት የመንግሥት ሰው ቆሞ እያየ ይውጣ፣ ሽልማቱም ለደረሰው እጅ በእጅ ይሰጥ ብለው ነገሩት። እኔ አክስትሽ ማንያህልሻል ፊደል በቅጡ ያልቆጠርኩት እንኳ ገብቶኛል፤ ለተማረ ሰው ይከብዳል? ያ ሰው ደግሞ ሕግ ማክበር ሲወድ ለጉድ ነው። የአዘጋጁ ዘመድ አይግዛ ከተባለማ ብሎ… ፈቃዱን በሞገስ ስም አወጣው።

ሞገስ ሆቴሉ ውስጥ ሳህን የሚያጥበው ልጅ ነው። ጁባ ላይ አንድ ዘመድ የለውም። እንግዲህ በሬው ለማን ይውጣ? ለሰውየው ሚስት ወንድም ወጣ። ሕግ ተጣሰ? የታለ የተጣሰው? የሞገስ ዘመድ አይደለማ።

በሬውስ የት ሄደ ትይኛለሽ። የትም። የሚስቱ ወንድም ሆዱ ቡቡ ነው፣ ከደጃፉ አይንቀሳቀስ አለ። ለፋሲካ ያንኑ በሬ እንደገና አወጡት፤ ለሚስቱ አክስት ልጅ ደረሰ፣ እሱም እዚያው ይቆይ አለ። ከዘር የወረደ ደግነት እንዲህ ነው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይላሉ፤ ይሄኛው ግን ሳሩንም ገደሉንም አላየ፣ ሆቴሉ በር ላይ ታስሮ እንግዳ ሲቀበል ይውላል። እኔማ ሳልፍ «ኬፍ፣ እንዴት ነህ» እለዋለሁ። ከጌታው ይሻላል፣ እሱስ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

ሰው መቼም ምስጋና አያውቅም። ቲኬት የገዙት ተሰብስበው ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄደው ጮኹ። ፖሊስ መጣና አዘጋጁ ማነው አለ። ፈቃዱ ላይ ማን አለ? ሞገስ። እጁ ላይ የሳሙናው አረፋ ሳይደርቅ ይዘውት ሄዱ… ያ ሰው ያን ዕለት እንዴት እንዳዘነ ብታዪ። ከሐዘኑ ብዛት ለምስክርነት መቆም እንኳ አቃተው። እስር ቤት ሄዶ ልጁን መጠየቅም አንጀቱ አልችል አለ፣ ርኅሩኅ ነዋ። ምሳውን እስከ ዛሬ የምልክለት እኔ ነኝ። አባቶች የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት ወርቁን ሞክረው ነው… የሰውን ስም መች ሞከሩት?

አሁን ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ሊያወጣ ነው አሉ። በሬው እንደሆነ ለምዶታል። የጎደለው አዘጋጅ ነው፤ ወጣት፣ ጨዋ፣ ጁባን ገና ያለመደች፣ ካንዲት አክስት በቀር ዘመድ የሌላት። ማናጀር ትሆኛለሽ ብሏታል። ጉርድ ፎቶዋን ከወዲሁ ኪሱ ከቷል፣ የቀረው ፊርማዋ ነው። የማን ልጅ ትሆን… ምን ያለች ዕድለኛ። ስንቱ ሰው አገር መጥቶ በኪራይ ሲንከራተት፣ እሷን ወዲያው የመንግሥት ቤት ሊያስገባት። እኔ አክስቷ ብሆን ምን እላለሁ? ምን እላለሁ፣ ምሳ የሚላክላቸው ሁለት ሆኑ ብዬ ትልቁን ድስት እጥዳለሁ እንጂ።

ጋሼ፣ ጥብሱ ከቀረበልዎት ቆየ እኮ፣ ምነው አልነኩትም? ቃሪያው ነው እንዲህ ያላበዎት? እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው፣ እርስዎን ምን አገናኝቶት።

ተነሱ እንዴ? ወረቀቱንም ይዘውት… ይሁን፣ ችኮላ የለም። ሮዳስ፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡት ምንድነው? ጉርድ ፎቶሽ ነው? አንሺው እንግዲህ፣ ጡትሽ ስር አድርጊው። አየሽ፣ እኚህ ሌላ ሰው ናቸው አላልኩሽም? ሂሳቡን ይተዉት ጋሼ፣ በኔ ይሁን።

ለዚያኛው ሰው ግን፣ ክፉ ከአፌ አይወጣም። እግዜር ውለታውን ይክፈለው። የሚቀጥለው ዕጣ ለሱ ይውጣለት… በገዛ ስሙ፣ በሕዝብ ፊት፣ የመንግሥት ሰው ቆሞ እያየ፣ ዘመድ ሳይገባበት። ሽልማቱንም ሳያጓድሉ እጅ በእጅ ያስረክቡት። አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ።