የጋሽ ደምሴ ሩሲያዊት

አምበር ከተማ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ ማን እንደሞተ በቅጡ ሳይገባኝ ተመለስኩ። «የጋሽ ደምሴ ሩሲያዊት አረፈች» ብለው ነው የነገሩኝ። ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው ሞስኮ ሄደው እርሻ ተምረዋል፤ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን የነጭ ሴት ፎቶ የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። ስደርስ እድሩ ድንኳን ጥሏል፤ ባለቤታቸው እትዬ የሺ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ጋሽ ደምሴን «እግዜር ያጥናዎት» ብዬ ጎናቸው ስቀመጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የኔ ልጅ፣ የፊልም ተዋናይ ናት እኮ። እኔ የማውቃት በሲኒማ ነው። ዛሬ ጠዋት መሞቷን ስሰማ እንባዬ መጣ፤ ጎረቤት አየኝና የእድሩን ጥሩምባ አስነፋ።»

ግራ ገባኝ። ዞር ብዬ እትዬ የሺን፣ «ታዲያ እርስዎ ለምን ጥቁር ለበሱ?» አልኳቸው። «አርባ ዓመት ግድግዳዬ ላይ ሆና ስታየኝ ኖራለች። ይልቅ ስለሷ የተጻፈ ነገር ካለ ከስልክህ አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው። መጀመሪያ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆና ነው የተወነችው፤ ቀጥሎ የዘማች ሚስት፣ በስተርጅና ደግሞ አያት እየሆነች። ብዙ ተሸልማለች። ባል ግን አላገባችም ይላል። እትዬ የሺ ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ልጅስ ነበራት ይላል?» አሉ።

ጽሑፉን ወደ ታች ስገፋ፣ ከሚስታቸው ቀድመው ስልኬ ላይ ያጎነበሱት ጋሽ ደምሴ ነበሩ።